ባላንስድ ሬጉሌተር ያስፈልገኛል?

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ቀይ ባሕር ላይ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ሬጉሌተር (ጠላቂው ከአየር ሲሊንደሩ የሚተነፍስበትን መሣሪያ) ሊገዛ ሲል ግራ የሚያጋባው «ባላንስድ» የሚለው ነው። ጉዳዩ ያለው ሲሊንደሩ ላይ በሚታሰረው ክፍል፣ በፈርስት ስቴጁ ውስጥ ነው። ይህ ክፍል 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ የታመቀውን አየር ከውኃው ግፊት በ10 ባር አካባቢ ብቻ ወደሚበልጥ ግፊት ዝቅ አድርጎ በቱቦው አፍ ላይ ወደሚያዘው ክፍል ያደርሳል።

ባላንስድ ያልሆነው ላይ የሲሊንደሩ ግፊት ራሱ ቫልቩን ይገፋል። ስለዚህ አየሩ ቀንሶ 50 ባር ሲቃረብ፣ በተለይ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ አየር መሳቡ ከበድ ይላል። በባላንስዱ ግን የሲሊንደሩ ግፊት ቫልቩን ወደ አንድ ወገን ስለማይገፋው አተነፋፈሱ እምብዛም አይለወጥም።

እስከ 18 ሜትር ብቻ ለሚወርድ ሰው ቀላሉ ይበቃል፤ ዋጋውም ጥገናውም ረከስ ይላል። አቅም ከፈቀደ ግን ባላንስዱን እመርጣለሁ፤ ጓደኛ አየር አልቆበት ሁለት ሰው ከአንድ ሲሊንደር ሲተነፍስ ልዩነቱ የሚታየው ያኔ ነውና።

የትኛውንም ቢገዙ፣ ከመጥለቅ በኋላ በንጹሕ ውኃ ሲያጥቡት የፈርስት ስቴጁን ክዳን አስቀድመው ያድርቁና ይግጠሙ፤ ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ተፈትቶ ሳለም አፍ ላይ በሚያዘው ክፍል ያለውን የአየር መልቀቂያ ቁልፍ አይጫኑ፣ ውኃ ወደ ቱቦው ይገባል።