የብሪታንያ የፍተሻ ምልክቶች በውጭ አገር በተሠሩ የስብስብ ጠመንጃዎችና ሽጉጦች ላይ

የፍተሻ ምልክት ማለት አንድ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ከመደበኛው የበረታ ጥይት ተተኩሶበት፣ በርሜሉም ሆነ የጥይት ቤቱ ሳይሰነጠቅና ሳያብጥ መቅረቱ በባለሙያ ዓይን ከተረጋገጠ በኋላ ብረቱ ላይ የሚመታ ትንሽ ማኅተም ነው። በብሪታንያ ሕግ ያልተፈተነ መሣሪያ መሸጥ ስለሚከለከል፣ ከአሜሪካ፣ ከቤልጅግ፣ ከጀርመን ወይም ከስፔን የመጣ መሣሪያም በዚያ ገበያ ሲያልፍ ይህን ማኅተም ተቀብሎ ይወጣል። ስለዚህ ምልክቱ የሚናገረው መሣሪያው የት እንደተፈተነ እንጂ የት እንደተሠራ አይደለም፤ ሰብሳቢዎችም፣ አንዳንድ ጊዜ ሻጮችም ሳይቀሩ፣ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው በሁለት ቤቶች እጅ ነው። የለንደኑ የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የመቋቋሚያ ቻርተር ያገኘ ሲሆን፣ የበርሚንግሃሙ የፍተሻ ቤት ደግሞ በ1813 በፓርላማ አዋጅ ተመሠረተ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው፤ የበርሚንግሃሙ ቤት በባንበሪ ጎዳና ካለው ነባር ግቢው አልወጣም፤ በዚህ ሙያ ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቦታ የጸና ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። የለንደን መለያ ከዘውድ በታች የተጠላለፉ ‹ጂ› እና ‹ፒ› ፊደላት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ጎን ከዘውድ በታች ‹ቪ› ይመታል፤ ‹ቪ› መሣሪያው መታየቱን ያመለክታል። የበርሚንግሃም የቀድሞ ምልክት ዘውድ ያለባቸው የተጣመሩ ሁለት በትረ መንግሥታት ነበሩ። ከ1904 በኋላ ግን ከዘውድ በታች ‹ቢፒ›፣ ‹ቢቪ› እና ‹ኤንፒ› የሚሉት ፊደላት ቦታውን ያዙ። ‹ኤንፒ› መሣሪያው ጭስ አልባውን ባሩድ እንደሚችል የሚያረጋግጥ ነው፤ ለንደን ለዚሁ ጉዳይ ጎራዴ የጨበጠ ክንድ ጨምራበታለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ ከመጡት ውስጥ በብዛት የሚገኙት የኮልት ሪቮልቨሮች፣ ማለትም የጥይት ቤቶቹን የያዘው ክፍል የሚሽከረከርባቸው ሽጉጦች፣ ናቸው። ሳሙኤል ኮልት ከ1853 እስከ 1856 በለንደን ፒምሊኮ ፋብሪካ ስለነበረው፣ የለንደን ምልክት ያለበት ሁሉ የፒምሊኮ ሥራ ነው ብሎ መደምደም ይቀናል። ነገር ግን በአሜሪካ በሃርትፎርድ ተሠርተው በለንደን ወኪሉ በኩል የተሸጡትም ያንኑ ማኅተም ይዘዋል፤ የሁለቱን ልዩነት መፈለግ የሚገባው በበርሜሉ ላይ ካለው አድራሻና ከተከታታይ ቁጥሩ ነው። ርካሾቹ የቤልጅግ ሪቮልቨሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሊዬዥን የፍተሻ ቤት ማኅተምም አብረው ስለሚይዙ ትውልዳቸው አያከራክርም።

በ1925 የወጣው ደንብ ለሰብሳቢ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ከውጭ በመጡ መሣሪያዎች ላይ ‹ኖት ኢንግሊሽ ሜክ›፣ ማለትም የእንግሊዝ ሥራ አይደለም፣ የሚል ጽሑፍ እንዲመታ አድርጓልና። ጽሑፉ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ አገልግሏል፤ በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ያለበት ሽጉጥ የተፈተነበት ጊዜ በሠላሳ ዓመት ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥመው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ለብሪታንያ የደረሰውና ከጦርነቱ በኋላ ተርፎ የተሸጠው መሣሪያ ነው። ለዘውዱ ሠራዊት አገልግሎት የገባ መሣሪያ በሲቪሉ የፍተሻ ቤት ማለፍ አይጠበቅበትም ነበር፤ የመንግሥት ንብረትነቱን የሚያሳየው የቀስት ጫፍ ምልክት ይበቃዋል። በአገራችን ስሙ የታወቀው ስናድርም ለሠራዊቱ የተሠራው ይህንኑ ቀስት ይዞ ይገኛል። ሠራዊቱ መሣሪያውን ሲያሰናብት ግን ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ይመታሉ፤ ነጋዴው ከገዛው በኋላ ደግሞ እንደማንኛውም የሲቪል ዕቃ ወደ ፍተሻ ቤት ይወስደዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከማንቸስተር መጋዘኖች በገፍ ወደ አሜሪካ የተመለሱት ስሚዝ ኤንድ ዌሰኖች፣ ኮልቶችና ጋራንዶች ማኅተማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ከዘውዱ ሌላ ቁጥሮችም አሏቸው። ለምሳሌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪ ሪቮልቨርን በርሜል በአጉሊ መነጽር ስንመለከት ‹.38›፣ ቀጥሎ ‹.767›፣ ከዚያም ‹3½ ቶን› የሚል እናነባለን። የመጀመሪያው ካሊበሩ (የበርሜሉ ስፋት መለያ)፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት በኢንች፣ ሦስተኛው በአንድ ኢንች ካሬ ላይ የሚያርፈው የግፊት ልክ ነው። የጋራንድ ጠመንጃ ደግሞ ‹.30›፣ ‹2.494› እና ‹18 ቶን› ይላል። በሪቮልቨር ላይ የፍተሻው ዘውድ በእያንዳንዱ የጥይት ቤት አጠገብ ስለሚደገም፣ ስድስቱም መኖራቸውን መቁጠር ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ ተሽከርካሪው ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

የቀለሃው ርዝመት ከታሪክ አልፎ ለደኅንነትም ይጠቅማል። ከእነዚህ ሪቮልቨሮች ብዙዎቹ አሜሪካ ከደረሱ በኋላ የአገሩን ረጅም ጥይት፣ .38 ስፔሻልን፣ እንዲጎርሱ የጥይት ቤታቸው በጥልቀት ተቦርቡሯል። የስፔሻሉ ቀለሃ 1.155 ኢንች ይረዝማል፤ ከእንግሊዙ ጥይት ይልቅ ግን ቀጠን ያለ ስለሆነ፣ ሰፊ በሆነው የቀድሞ ጎሬ ውስጥ ሲተኮስ ወገቡ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። በርሜሉ ‹.767› እያለ የጥይት ቤቱ ረጅሙን ጥይት የሚውጥ ከሆነ፣ የፍተሻ ቤቱ ያየው ሌላ፣ በእጃችን ያለው ሌላ ነው ማለት ነው።

ከዘውድ በታች ‹ቢኤንፒ› የሚለው የበርሚንግሃም ምልክት ሥራ ላይ የዋለው በ1954ቱ ደንብ ነው። ስለዚህ ይህ ምልክት ያለበትን ሽጉጥ ይዞ ‹ምልክቱ በጦርነቱ ጊዜ የተመታ ነው› የሚል ሻጭ ተሳስቷል፤ ሽጉጡ በጦርነቱ ውሎ ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱ ግን የሽያጩ ነው። የበርሚንግሃም ቤት ከዚህ በተጨማሪ ከ1921 ጀምሮ የተፈተነበትን ዓመት በፊደል የሚያመለክት ትንሽ ምልክት ሲመታ ስለኖረ፣ ይህን ያገኘ ሰብሳቢ ጊዜውን በዓመት ደረጃ ይለየዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ምልክቱ በቀለም ማደሻና በመወልወል ደብዝዞ ይገኛል።

በእነዚሁ የተመለሱ መሣሪያዎች ላይ ‹ኢንግላንድ› የሚል ቃልም ይገኛል። ቃሉ የተመታው ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የመጣበትን አገር ስም እንዲይዝ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ስለሚያዝ ነው የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ይመስላል። ምንም ሆነ ምን፣ በኮልት ሽጉጥ ላይ መገኘቱ ኮልቱን እንግሊዛዊ አያደርገውም።

ዘውድ ያለበት ሁሉም የብሪታንያ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ጀርመኖች እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ለጭስ አልባ ባሩድ የተጠቀሙበት ምልክት ከዘውድ በታች ‹ኤን› የሚል ነበር፤ በሉገር ሽጉጥ ላይ ይህን አይቶ የእንግሊዙ ‹ኤንፒ› ነው የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ከብሪታንያ ገበያ ያለፈ ሉገር ሁለቱንም ሊይዝ ስለሚችል፣ የዘውዱን ቅርጽ ትቶ ከበታቹ ያሉትን ፊደላት መቁጠር ይሻላል።

ብሪታንያ በ1980 የፍተሻ ምልክትን በጋራ ለመቀበል የተስማሙትን አገሮች ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በአባል አገር የተፈተነ መሣሪያ ዳግም ሳይፈተን ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ በተሠራ የቤልጅግ ወይም የስፔን ጠመንጃ ላይ የእንግሊዝ ዘውድ ባይገኝ በዚያ አገር አልተሸጠም ማለት አይደለም።