ዴሞክራቶች ዕጩ ሲመርጡ ከግማሽ በላይ ድምፅ የማይበቃበት ዘመን

በአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ሰው የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ይሆናል። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ግን እንዲህ አልነበረም። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ1832 በባልቲሞር ባካሄደው ጉባኤ፣ ለመታጨት የተወካዮችን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት ግድ ነው ሲል ደነገገ።

ደንቡ ምን እንደሚያደርግ በ1844 በግልጽ ታየ። ማርቲን ቫን ቢዩረን በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኘ፤ ሁለት ሦስተኛው ግን አልሞላለትም። ድምፅ አሰጣጡ በተደጋገመ ቁጥር ደጋፊዎቹ እየሳሱ ሄዱ። በመጨረሻም በዘጠነኛው ዙር ዕጩነቱ በመጀመሪያው ዙር አንድም ድምፅ ላልነበረው ለጄምስ ፖልክ ሆነ። አብላጫውን ይዞ መሸነፍ ይሏል ይህ ነው!

በ1924 በኒውዮርክ ደግሞ የአል ስሚዝና የዊልያም ማካዱ ደጋፊዎች አንዱ ሌላውን አላሳልፍ ብለው ጆን ዴቪስ የታጨው በ103ኛው ዙር ነበር።

ታዲያ ደንቡ ለምን ያን ያህል ቆየ? ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጥ ድምፅ አስተባብሮ የያዘ ወገን የራሱን ሰው ማሳጨት ባይችል እንኳ የማይፈልገውን ማገድ ይችላል። የደቡብ ግዛቶች ይህን ሥልጣን አጥብቀው ይዘውት ነበር፤ በእኔ እምነት የብዙኃኑን ፈቃድ የነጠቀ ሥልጣን ነው። የተሻረው በ1936 በፊላዴልፊያ፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዳግም በታጨበት ጉባኤ ነው።