የሥልጠና ካሳን የሚከፍለው ማን ነው?

ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን ጃን ሜዳ ለልምምድ የሚያመጡ ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «ልጄ ወደ ትልቅ ክለብ ቢገባ የሥልጠና ካሳ ክፈሉ እንባላለን?» አትባሉም። ካሳው የክለብና የክለብ ጉዳይ ነው፤ ከተጫዋቹም ከወላጁም ኪስ አይወጣም።

በፊፋ ደንብ አንድ ወጣት በሌላ አገር ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ሲመዘገብ፣ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ስሌቱ የሚነሣው ከዝውውር ዋጋ ሳይሆን ከማሠልጠኛ ወጪ ነው፤ ስለዚህ ልጁ በነፃ ቢሄድም ጥያቄው ሊነሣ ይችላል። ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት የአጋርነት ድርሻ ሌላ ነው፦ ውል ያለው ተጫዋች ወደ ውጭ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ተቀንሶ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል።

ሁለቱም የሚቆሙት በምዝገባ ላይ ነው። ልጁ ከመቼ እስከ መቼ የት እንደተጫወተ በፌዴሬሽን መዝገብ ካልተገኘ፣ በአቧራ ሜዳ ላይ ዓመታት የደከመበት ቡድን ባዶ እጁን ይቀራል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። እባካችሁ የምዝገባውን ቅጂ ጠይቁ፣ የልደት ቀኑንም አረጋግጡ። ልጁ 18 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ደንቡ ከ3 ዓመት በላይ የሚቆይ ውል አይፈቅድም።