ብላክ ቤልት ምንድን ነው?

ብላክ ቤልት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የካራቴ ቀበቶ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ግን የምድር ስም ነው፤ አላባማን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ ወደ ሚሲሲፒ የሚታጠፍ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ጠባብ ምድር። ጥቁሩ አሜሪካዊ መምህርና ደራሲ ቡከር ቲ. ዋሺንግተን በ1901 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንዳስረዳው፣ ስሙ መጀመሪያ የወጣው ከአፈሩ ጥቁረት ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በኋላ ግን ጥቁሮች በቁጥር ከነጮች የሚበልጡባቸው ካውንቲዎች (የግዛት አስተዳደር ክፍሎች) መጠሪያ ሆነ። ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ቦታ ላይ የገጠሙት በአጋጣሚ አይደለም።

ከ70 እስከ 80 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይህ አገር ባሕር ነበር። በሙቁ ውኃ ውስጥ የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው ከሥር እየተነጠፈ ጠመኔ ሆነ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የሰልማ ጠመኔ ይሉታል፤ ስሙን ያዙልኝ። ባሕሩ ሲሸሽ በጠመኔው ላይ ከባድና ለም የሆነ ጥቁር አፈር ተፈጠረ። የበቾን ሜዳ በክረምት የረገጠ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ የእኛ ዋልካ ዘመድ ነው። ሲዘንብ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል።

ይህ አፈር ለጥጥ ተመቸ። በ1793 የኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ መጣና ፍሬውን ከጥጡ ማላቀቅ ቀላል ሆነ፤ የመሬት ረሃቡም ባሰ። የአካባቢው ነባር ባለመሬት የክሪክ ሕዝብ በጦርነት ተሸንፎ በ1814 በተፈረመው የፎርት ጃክሰን ውል ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት እንዲለቅ ተገደደ። ከውጭ ባሪያ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ የጥጥ እርሻው ጉልበት ያገኘው እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ካሉ ነባር ግዛቶች ነው። እስከ ጦርነቱ ድረስ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ እናት ከልጇ እየተለየች፣ ወደ ጥጥ አገር ተነዱ። በ1860 በአላባማ 435,080 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ ከሕዝቡ 45 በመቶ ማለት ነው። እጅግ ተጨናንቀው የሚገኙትም በዚህ ጥቁር አፈር ላይ ነበር። አፈር ማንንም በሰንሰለት አያስርም፤ ያሰሩት ሰዎችና ሕጋቸው ናቸው። የት እንደሚታሰሩ ግን ያ የጥንት ባሕር አስቀድሞ መስመር አስምሮ ነበር።

ባርነት ሲቀር መሬቱ በቀድሞዎቹ ጌቶች እጅ ቀረ። ነጻ የወጣው ሰው ያንኑ መሬት በጭሰኝነት፣ ምርቱን እያካፈለና ዕዳ እየተቆለለበት ማረሱን ቀጠለ። የአላባማ የ1901 ሕገ መንግሥት ደግሞ በመምረጫ ግብርና በንባብ ፈተና ድምፁን ነጠቀው። ጥቁሮች በሚበዙበት ካውንቲ ጥቁሮች ቢመርጡ ሥልጣኑ ከማን እጅ እንደሚወጣ ሕጉን የጻፉት በደንብ ያውቁ ነበር። ውጤቱ በላውንደስ ካውንቲ ይታያል፤ ከነዋሪው 80 በመቶ ገደማ ጥቁር ሆኖ፣ በ1965 መጀመሪያ አንድም ጥቁር በመራጭነት አልተመዘገበም ነበር።

አሁን ወደ ሰልማ እንመለስ። ጠመኔው የተሰየመባት ከተማ መጋቢት 7 ቀን 1965 የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላ የተደበደቡባት ከተማ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፌዴራል ወታደሮች ጥበቃ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ የ54 ማይል ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ላውንደስ ሲደርስ ስለሚጠብ፣ ፍርድ ቤት በዚያ በኩል እንዲያልፉ የፈቀደው ለ300 ሰዎች ብቻ ነበር። ሦስተኛውን ሌሊት ያደሩት ዝናብ ባጨቀየው እርሻ ላይ ነው። አያቶቻቸው ጥጥ የለቀሙበት አፈር የእነርሱን ጫማ ያዘ። የመምረጥ መብት ሕጉ በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 ቀን ተፈረመ። በላውንደስ የተመዘገቡ ጭሰኞችን ባለመሬቶች ከቤታቸው አስወጡአቸው፤ ቤተሰቦች በዋናው መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው ከሁለት ዓመት በላይ የኖሩበት ጊዜ ነበር። የካውንቲው ጥቁሮች ያቋቋሙት ፓርቲ ምልክቱ ጥቁር ፓንተር ነበር፤ በ1966 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የተመሠረተው ታዋቂው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ስሙንና ምልክቱን የወሰደው ከዚህ ነው።

ዛሬ የአላባማን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በካውንቲ ከፋፍሎ በሚያሳይ ካርታ ላይ፣ ጥቁሮች በብዛት ዴሞክራቶችን ስለሚመርጡ፣ በሪፐብሊካኖች ቀይ መካከል የዴሞክራቶች ሰማያዊ ግማሽ ጨረቃ ይታያል። የጥንቱን የባሕር ዳርቻ ካርታ ከጎኑ ብታኖሩት ቅርጹ ይገጥማል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአላባማ የምርጫ ወረዳ አከፋፈል የጥቁሮችን ድምፅ ያዳክማል ብሎ ሲወስን፣ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ይህ ቀበቶ በተለያዩ የምርጫ ወረዳዎች ለምን ተበጣጠሰ የሚል ነበር።

እኔን ግን ከካርታው ይልቅ የሚያሳዝነኝ የቤቶቹ ጓሮ ነው። ያ ከባድ አፈር ውኃ አያሰርግም፤ ስለዚህ በላውንደስ ተራ ሴፕቲክ ታንክ (ፍሳሹን ወደ አፈር የሚያሰርግ የመጸዳጃ ጉድጓድ) አይሠራም፤ ለዚህ አፈር የሚሆነው ደግሞ ለድሃ ቤተሰብ ዋጋው አይቀመስም። ብዙ ቤቶች ያላቸው ከመጸዳጃ ወጥቶ ጓሮ ላይ የሚያፈስ ቧንቧ ብቻ ነው። ሲዘንብ ፍሳሹ ልጆች በሚጫወቱበት ላይ ይተኛል። በ2023 የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር ከግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ጋር ይህን ለማስተካከል ስምምነት ላይ ደርሶ ነበር። በ2025 የትራምፕ አስተዳደር ስምምነቱን ሰረዘው።