«በኦሪት ፊትና ኋላ የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህች አባባል አሁን አሁን የክርክር መዝጊያ ሆናለች። አንዱ የአበውን ዕድሜ ደምሮ «ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «አይሁድ ራሳቸው በኦሪት ፊትና ኋላ የለም ይላሉ፤ ዘመን መቁጠር ከንቱ ድካም ነው» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ሰሞኑን ይህን አስተያየት ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ያናድደኛል፤ ምክንያቱም አባባሉ ራሱ የመጣው ዘመን ከተቆጠረ በኋላ ነው።

ዘኍልቍ ምዕራፍ 1 የሚጀምረው እስራኤል ከግብፅ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በሁለተኛው ወር ነው። ምዕራፍ 9 ላይ ግን የዚያው ዓመት የመጀመሪያ ወር ይላል። የተልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ ሊቃውንት ይህን አይተው ነው «ፊትና ኋላ የለም» ያሉት። ነገሩ የተጻፈበት ተራ ሁልጊዜ የተፈጸመበት ተራ አይደለም ማለታቸው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስንክሳርን አስቡት። የሚነበበው በዓመቱ ቀናት ተራ ነው። መስከረም ላይ የሚነበበው ጻድቅ፣ ጥር ላይ ከሚነበበው ሰማዕት በብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የኖረ ሊሆን ይችላል። ይህን አይቶ «ቅዱሳን ዘመን የላቸውም» የሚል የለም። በአንዱ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ልደቱ ከዕረፍቱ ይቀድማል። ተልሙዱም እዚያው ይህን ገደብ ያኖራል። ከተልሙድ ሊቃውንት አንዱ ራቭ ፓፓ ደንቡ የሚሠራው በሁለት ጉዳዮች መካከል ነው ይላል፤ በአንድ ጉዳይ ውስጥ የቀደመው ቀደመ፣ የዘገየው ዘገየ። አስተያየት ሰጪው ይህችን ግማሽ ትቷታል።  

ወደ ይስሐቅ እንምጣ። ዘፍጥረት 35 መጨረሻ ላይ በ180 ዓመቱ ሞቶ ይቀበራል። የዮሴፍ መሸጥ የሚተረከው ምዕራፍ 37 ላይ ነው። ታዲያ አያቱ ይህን ሐዘን አላየም? እንደምር። ያዕቆብ ፈርዖን ፊት ሲቆም 130 ዓመቱ ነው። ዮሴፍ ያኔ 39 ነው፤ በ30 ተሾመ፣ 7 የጥጋብና 2 የረሃብ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ያዕቆብ ዮሴፍን የወለደው በ91 ዓመቱ ነው። ዮሴፍ በ17 ሲሸጥ አባቱ 108 ነበር። ይስሐቅ ያዕቆብን በ60 ስለወለደ እሱ 168 ነበር። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖሯል። ያዕቆብ በደም የተነከረውን ቀሚስ ይዞ ሲያለቅስ አባቱ በሕይወት ነበር! አይሁዳዊው የኦሪት ተርጓሚ ራሺ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደንቡን እዚህ ቦታ ሲጠቅስ፣ ይህንኑ ስሌት አንድ በአንድ አስቀምጦ ነው። ደንቡ ቆጥሮ ላልጨረሰ ሰው አይረባም።

የአብርሃም አባት የታራ ሞትም እንዲሁ ነው። ከአብራም መውጣት በፊት ይተረካል፤ በቁጥሩ ግን ታራ አብራምን በ70 ወልዶ በ205 ስለሞተ፣ ልጁ በ75 ዓመቱ ከካራን ሲወጣ ታራ ገና 60 ዓመት ይቀረዋል። በሳምራውያን ኦሪት በ145 ስለሚሞት ጥያቄው ጨርሶ አይነሳም። በየትኛው ንባብ እንደምትቆጥሩ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለበለዚያ ክርክሩ ማብቂያ የለውም። በዕብራይስጡ አብርሃም ሲወለድ ኖኅ ገና በሕይወት አለ። በግሪኩ ኖኅ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የግእዙ ብሉይ ደግሞ የተተረጎመው ከግሪኩ ነው።

ደንቡ የማይፈታው ቋጠሮም አለ፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 38። ዮሴፍ ከተሸጠ ያዕቆብ ወደ ግብፅ እስኪወርድ 22 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ ይሁዳ አግብቶ ሦስት ወንዶች ወለደ። ሁለቱ፣ ዔርና አውናን፣ ተራ በተራ ትዕማርን አግብተው ሞቱ። እሷ ሦስተኛውን ስትጠብቅ ቆየች፤ ከዚያ ከራሱ ከይሁዳ ፋሬስን ወለደች። ምዕራፍ 46 ደግሞ የፋሬስን ልጆች ኤስሮምንና ሐሙልን ጭምር ከወረዱት ጋር ይቆጥራል። ሌላው አይሁዳዊ ተርጓሚ ኢብን ዕዝራ የይሁዳን ጋብቻ ከዮሴፍ መሸጥ በፊት አደረገው። ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፤ ግን ሩቅ አያስኬድም። ይሁዳና ዮሴፍ ሁለቱም የተወለዱት ያዕቆብ ላባን ባገለገለበት በሁለተኛው 7 ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ይሁዳ ዮሴፍን የሚበልጠው በሦስት ዓመት ገደማ ነው። ወደ ግብፅ ሲወርድ ከ40 ብዙም አላለፈም። በዚያ ዕድሜ ከፋሬስ የልጅ ልጅ ማየት አይሆንለትም።

እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ንባብ ነው። የምዕራፍ 46 ዝርዝር ዔርና አውናን በከነዓን መሞታቸውን ይናገርና ወዲያው ኤስሮምንና ሐሙልን ያነሳል። ግብፅ ውስጥ ቢወለዱም እንኳ፣ የተቆጠሩት በሁለቱ ሟቾች ቦታ ተተክተው ነው።