በቤት ውስጥ የሚሠሩ የኤሌክትሮኒክስ ፕሮጀክቶች፦ ከኮዱ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላው ነው

አበባ የሚያጠጣ ፓምፕ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት፣ የክፍል ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ። ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚሠሯቸው ነገሮች ባብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው። ርካሽ ስለሆኑ አይደለም የሚሠሩት። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ተሠርቶ ከሚሸጠው ዋጋቸው ይወደዳል። ሲበላሹ ግን የት ጋ እንደተበላሹ ሠሪያቸው ያውቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሂዝኪት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የመለኪያ መሣሪያዎችን ሳይገጣጠሙ ከነመመሪያቸው ይሸጥ ነበር። በ1975 የወጣውን አልቴር 8800 ኮምፒውተርም ብዙዎቹ ገዢዎች ራሳቸው በይደው ነው የገጣጠሙት። ኤሌክትሮኒክስ ላልተማረ ሰው በሩን የከፈተው ግን በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ፣ ለዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተሠራው አርዱዊኖ የተባለ፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ነው። ራስበሪ ፓይ በ2012 ተከተለ።

ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ፓይ ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጫንበታል፣ ለመነሣት ጊዜ ይፈጃል፣ ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው የተለመደው ቦርድ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚያሠራው፣ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ይጀምራል፣ በማንኛውም ሰዓት ቢነቀል ምንም አይመስለው። አንዲት መብራት ለማብራት ፓይ መግዛት ትርፍ ነው። ዋይፋይ ካስፈለገ ኢኤስፒ32 የሚባል ሌላ ቦርድ አለ፤ እሱ ግን በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር (መለኪያ) በቀጥታ አይሰካበትም።

የመጀመሪያው ልምምድ ሁሌም ኤልኢዲ (ትንሿን መብራት) ማብራት ነው። ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ ከ5 ቮልት 3 ይተርፋል፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በሚገድበው የ220 ኦም ሬዚስተር ሲያልፍ ወደ 14 ሚሊ አምፒር ይመጣል። የኡኖ R3 አንድ እግር (ሽቦ የሚሰካበት ነጥብ) እንዲሰጥ የሚመከረው ደግሞ 20 ሚሊ አምፒር ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ወደ አበባው እንሂድ፤ ቀላል የሚመስል ግን ሁሉም ጣጣ ያለበት ፕሮጀክት እሱ ነው። ትንሿ ፓምፕ እንኳ ከ100 ሚሊ አምፒር በላይ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ ከቦርዱ እግር ጋር በቀጥታ ካገናኛችኋት ቦርዱን ታቃጥላላችሁ። መሃል ላይ ትራንዚስተር ይገባል፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማለት ነው። ሞተር ሲጠፋ ወደኋላ የሚረጨውን ቮልቴጅ የሚውጥ ዳዮድም ያስፈልጋል። ለፓምፑ የራሱ የኃይል ምንጭ ይሰጠዋል፣ የሁለቱ ኔጌቲቭ ግን አንድ ላይ ይታሰራል፤ ይህ ተረስቶ ስንቱ ሰው ጥፋቱን ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ያመሻል! ከዚያ ሴንሰሩ አለ። ሁለት ጣት ያለው ርካሹ የአፈር እርጥበት መለኪያ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ከሄደበት ጣቶቹ ተበልተው ያልቃሉ፣ ምክንያቱ ኤሌክትሮሊሲስ ነው፤ እርጥበት ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብረቱን ይበላዋል። ወይ ሲለካ ብቻ ኃይል ይሰጠዋል፣ ወይ ብረቱ አፈሩን በማይነካው፣ ካፓሲቲቭ በሚባለው ዓይነት ይተካል። በመጨረሻ ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር፦ የውኃው ባልዲ ከአበባው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ፓምፑ ቆሞም ውኃው በቱቦው ራሱን እየሳበ መፍሰሱን ይቀጥላል። ይህንን ኮድ አያስተካክለውም፣ ባልዲውን ዝቅ ማድረግ እንጂ።

ከሶኬት በቀጥታ የሚሠራ ነገር ለጀማሪ አይሆንም። የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 5 ቮልት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። አሮጌ ዕቃ ፈታቶ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው፣ ማይክሮዌቭ ግን አይነካም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የተለመደው የሊቲየም ባትሪም ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ለእሱ የተሠራ ቻርጀር ይፈልጋል።

ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ የተሰካ ሽቦ ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም፣ ሲነካካ ይላቀቃል። ፕሮጀክቱ መሥራቱ ከተረጋገጠ የመበየጃ ካውያ ይነሣል። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ የሆነው 60/40 የተባለው መበየጃ ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፤ እርሳስ ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው፣ መስኮትም ይከፈት። ሣጥኑን ከስሪዲ ፕሪንተር ማውጣትም፣ የምግብ ዕቃ መብሳትም ይቻላል፤ እኔ የምግብ ዕቃውን እመርጣለሁ። ብቻ የዩኤስቢው ቀዳዳ ከውጭ እንዲደረስበት አድርጉ፣ ኮዱ መቀየሩ አይቀርም።