የሌሊት መተንፈሻ መሣሪያ በሰሜን ሸዋ ደጋ

ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል» ይባላል። ሲያንኮራፋ ደግሞ «ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል»። ሁለቱም ብዙ ሰው አዘናግተዋል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ደረትን ይጫናል፤ ሳንባም እንደ ልቡ አይሰፋም። በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ይቆራረጣል። በአንዳንዶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንም ጭምር ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪም ይህን ሕመም የሚለየው ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 30 እና ከዚያ በላይ፣ በደም ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ሲሆንና ሌላ ምክንያት ሲታጣ ነው።

ምልክቶቹ የጠዋት ራስ ምታት፣ የእግር እብጠትና ቀን ማንቀላፋት ናቸው። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ለሚወርድ ሹፌር ማንቀላፋት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሕክምናው ሲፓፕ ወይም ባይፓፕ የሚባል የሌሊት መተንፈሻ መሣሪያ ነው። ሲፓፕን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ናቸው። ትንሽ ሞተር አየርን በቱቦ ወደ ጭምብል እየገፋ ጉሮሮን ክፍት ያደርጋል። ባይፓፕ ደግሞ ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ ግፊቱን ከፍ፣ ሲያስወጡ ዝቅ ያደርጋል። ኦክስጅን ብቻውን መስጠት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሊያባብሰው ይችላል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የታማሚው ኦክስጅን ቶሎ ይወርዳል። ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ መሣሪያዎች የሚሠሩት እስከ 2600 ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነ መመሪያቸው ላይ ተጽፏል። ዘመድ ከውጭ ከመላኩ በፊት እባካችሁ ይህን አስነብቡ። ግፊቱንም ሐኪም ይወስን፤ ለሌላ ሰው የተስተካከለ መሣሪያ እንዳለ አይደረግም።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። መሣሪያው አየሩን የሚያረጥብበት የውኃ ማጠራቀሚያ አለው። ቤቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ ጠብ ጠብ ይልና ሌሊት ፊት ላይ ይፈስሳል። ብዙ ሰው ጭምብሉን አውልቆ የሚተወው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ቱቦውን ከባናው ወይም ከብርድ ልብሱ ስር ማሳለፍ ይረዳል። መብራት ከጠፋ ማሽኑ ስለሚቆም ባትሪ ማዘጋጀት ነው።

በሌሊት ከ4 ሰዓት ያላነሰ መጠቀም ዝቅተኛው ልክ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሆን ይመረጣል። ክብደት መቀነስ ሥሩን ይነካል፤ ሕመሙ እንዲለቅ ግን ከክብደት 25 እስከ 30 በመቶ መውረድ አለበት። 120 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቢያንስ 30 ኪሎ ነው። እስከዚያ መሣሪያው በየሌሊቱ፣ ለከሰዓት ሸለብታም ጭምር ይደረጋል።